ዐፄ ኀይለ ሥላሴና አንበሶቻቸው

ቀድሞ በኢትዮጵያ አንበሳ የንጉሥ ምልክት ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለማዳ አንበሶች በአጠገባቸው ያኖሩ ነበር። አንበሳ የገደለ ጀግናም ጎፈሩን በራሱ ላይ አድርጎ በአደባባይ ይታይ ነበር። እንግዲህ አንበሳ የሚከበረው ወይ በንጉሥ ደጅ ታስሮ ወይ ሞቶ ነው እንጂ በዱር ሳለ የሚያስብለት ሰው ጥቂት ነበረ።

ልጅ ተፈሪ መኰንን በሐረርጌ፥ ኤጀርሳ ጎሮ በምትባል ስፍራ፥ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ራስ መኰንን የሐረር ገዥ ነበሩ። አልጋ ወራሽ በሆኑ ጊዜ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ ይዘውት ከሄዱትም ገጸ በረከት መካከል ሕያዋን አንበሶች ነበሩበት። አንበሳን ባሕር አሻግሮ ማድረስ ቀላል ነገር አይደለም፤ እንደ በቅሎ ገብስ አይበላምና። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ፤ ስመ መንግሥታቸውም ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ተባለ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ፥ በ1928 ዓ.ም. ተሰደዱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

ከተመለሱም በኋላ፥ በ1940 ዓ.ም.፥ በስድስት ኪሎ የአንበሳ ግቢ አቋቋሙ። የያኔው ቤተ መንግሥታቸው ገነተ ልዑልም በዚያው በስድስት ኪሎ ነበረ። የመጀመሪያዎቹ አንበሶች ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተይዘው እንደ መጡ ይነገራል። እነዚህ አንበሶች ጎፈራቸው ጥቁር ነው፤ ከራስና ከአንገት አልፎ እስከ ደረታቸውና እስከ ሆዳቸው ይወርዳል። የከተማው ሰውም ከገጠር የመጣውም በስም ብቻ ያውቀው የነበረውን አውሬ በዐይኑ አየው።

ነገር ግን ግቢው ጠባብ ነበረ፤ አንበሶቹም ከብረት ፍርግርግ በስተኋላ ይኖሩ ነበር። በጀርመን አገር፥ በሃምቡርግ ከተማ አጠገብ፥ ካርል ሃገንቤክ የሚባል ሰው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ሌላ ዐይነት የአራዊት ግቢ ከፍቶ ነበር። በዚያ ግቢ አንበሳውን ከተመልካቹ የሚለየው ብረት ሳይሆን አንበሳ ሊዘለው የማይችለው ሰፊ ጉድጓድ ነው። የአዲስ አበባው ግቢ ከዚህ ብዙ ዓመት በኋላ ተሠርቶ ሳለ ብረቱን መምረጡ ያሳዝናል።

ንጉሠ ነገሥቱ ለአራዊት ከሠሩት ሥራ የሚበልጠው ግን ከከተማ ውጭ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1963፥ በግብዣቸው፥ ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም ማኅበር ሊቃውንትን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ከእነርሱም አንዱ እንግሊዛዊው ሊቅ ሰር ጁልያን ሃክስሊ ነበሩ። ሊቃውንቱም የአገሪቱን አራዊት በየቦታቸው መርምረው፥ አውሬው በተወለደበት ምድር የሚጠበቅበት ሰፊ ስፍራ እንዲከለል መከሩ። ከዚያ በኋላ አራዊትን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ሳላ የሚሰማራበት የአዋሽ ሜዳና ዋልያ የሚኖርበት የስሜን ተራራም ተከልለው ብሔራዊ ፓርክ ተባሉ። በስሜን የሚያርሰው ገበሬ ግን ማሳው በክልሉ ውስጥ ሲቀር ምን እንደሚበላ በዚያን ጊዜ በሚገባ አልታሰበበትም፤ ስለዚህም ክርክሩ ብዙ ዘመን ቆየ። በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርሶች የመጀመሪያ መዝገብ ሲጻፍ ከተመዘገቡት 12 ስፍራዎች ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ። አንዱ ይኸው ስሜን ነው፤ ሁለተኛው የላስታ ልጆች የምታውቁት፥ ከዐለት የተፈለፈለው የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ነው።

ዐፄ ኀይለ ሥላሴ ይህን መዝገብ አላዩም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 21 ቀን በእስር ሳሉ ሞቱ። አንበሶቹ ግን በስድስት ኪሎ ቀሩ። ንጉሥ ሲሻር ንጉሡ ያሰረውን አውሬ ማን ይመግበዋል? ከተማው መገበው፤ አንበሶቹም ወለዱ፤ የልጅ ልጅም አዩ። ቢሆንም ግቢው እንደ ብዛታቸው አልሰፋም፤ ገንዘብም አጠረ። በ1999 ዓ.ም. ጠባቂዎቹ ደቦሎቹን የሚያኖሩበት ስፍራ አጥተው በመርዝ እንደሚገድሏቸው ተሰማ። ይህን የሰማ ሁሉ ደነገጠ።

በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሊቃውንት የእነዚህን አንበሶች ዘር መርምረው፥ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ከሚኖሩት አንበሶች የተለየ እንደ ሆነ አስታወቁ። በጠባብ ግቢ ውስጥ ለሥፍር የበዙ የመሰሉት እነዚያ ደቦሎች እንዲህ ካለው ዘር ነበሩ።

ከላሊበላ በላይ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ፥ ጅብራ በሚበቅልበት ብርድ፥ ጭላዳ ሣር ሲነቅል፥ ቀይ ቀበሮም አይጥ ሲያድን ይታያል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር አይኖርም። በዓለም ካሉት የአራዊት ግቢዎችም በአንዱ እንኳ ተዘግቶ አይገኝም። ማየት የሚወድ ሰው ማልዶ ተነሥቶ፥ ነጠላውን ተከናንቦ፥ ወደ ተራራው መውጣት አለበት።