ማይክል ፋራዴይና የበረዶው ባልዲ

ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ዓ.ም. ከሎንዶን ከተማ በስተደቡብ፣ ኒውኢንግተን በትስ በሚባል ስፍራ ተወለደ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበረ፤ ነገር ግን ሕመም ስላልተለየው እንደ ልቡ ሠርቶ ቤተ ሰቡን ለማስተዳደር አልቻለም። በ1801 ዓ.ም. እህል በተወደደ ጊዜ ለማይክል የሚደርሰው አንድ ዳቦ ብቻ ስለ ነበረ፣ ያንኑ ለሳምንት እያብቃቃ ይበላ ነበር። ትምህርቱም ከንባብ፣ ከጽሕፈትና ከጥቂት ሒሳብ አላለፈም። በአገራችን ባለ እጅ የሆነ ሰው ለብዙ ዘመን ሲናቅ እንደ ኖረ የሚያውቅ አንባቢ፣ በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገርም የቀጥቃጭ ልጅ ከሊቃውንት ጉባኤ መግባቱ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበረ ለመገመት አያዳግተውም።

በ1804 ዓ.ም. ሪቦ ከሚባል መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ቤት ገብቶ ጋዜጣ በማድረስ ይላላክ ጀመር። በሚከተለው ዓመት የጥራዝ ሥራ እንዲማር የ7 ዓመት ውል ተዋዋለ። ለጥራዝ የሚመጡትን መጻሕፍትም ያነብ ነበር፤ ከነዚህም አንዱ የብሪታኒካ ኢንሳይክሎፒድያ ነበረ። በውስጡ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን ክፍል ካነበበ በኋላ፣ ካለችው ጥቂት ሳንቲም ቈጥቦ፣ ጠርሙስ እየተሽከረከረ ሲታሽ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ትንሽ መኪና በገዛ እጁ ሠራ። የሰማውንና ያነበበውን ራሱ ሠርቶ ካላየው በቀር ተቀብሎ አለማለፍ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጠባዩ ሆነ።

ወንድሙ ሮበርት እንደ አባቱ ቀጥቃጭ ነበረ። ማይክል በማታ የሚሰጠውን የሳይንስ ትምህርት ይሰማ ዘንድ ለእያንዳንዱ ማታ የሚከፈለውን አንድ ሽልንግ የሰጠው ይህ ወንድሙ ነው። በ1812 ዓ.ም. ደግሞ ከሪቦ ደንበኞች አንዱ፣ ስመ ጥሩው የኬሚስትሪ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰጠውን ትምህርት የሚሰማበት ቲኬት ሰጠው። ፋራዴይ 4 ትምህርቶች ሰምቶ፣ የሰማውን ሁሉ ከነሥዕሉ ጽፎ፣ በሚያውቀው ሞያ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በ1813 ዓ.ም. ማርች ወር በሳምንት 25 ሽልንግ እየተከፈለው የዴቪ ረዳት ሆነ። ከዚያም ጌታውን ተከትሎ ፈረንሳይንና ኢጣልያን ጐበኘ፤ የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ስለ ቈጠረችው ጉዞው ምሬት ያልተለየው ነበር።

በ1821 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ኃይል ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲዞር ማድረጉ፣ በ1831 ዓ.ም. ደግሞ ከማግኔት ኤሌክትሪክ ማውጣቱ በየትምህርት ቤቱ የታወቀ ነው። ስለ ስታቲክ ኤሌክትሪክ፣ ማለት ሳይፈስ ባንድ ስፍራ ስለሚረጋው ኤሌክትሪክ የሠራው ሥራ ግን በዚህ ዝና ተሸፍኖ ብዙ አይነገርም። ይሁን እንጂ ለጀማሪ ተማሪ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው።

ከፋራዴይ በፊት ፈረንሳዊው ኩሎም በ1785 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ የተመሉ ሁለት ነገሮች የሚሳሳቡበትንና የሚገፋፉበትን ኃይል በቀጭን ሽቦ ጥምዘዛ ለክቶ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ እንደሚወርድ አስረዳ። የሒሳብ ሊቃውንት በዚህ ሕግ ላይ ያማረ የቀመር ሕንፃ አቆሙ። በነሱ አስተያየት ኃይሉ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው በባዶው ስፍራ ላይ ዘሎ የሚደርስ ስለ ነበረ፣ በመካከል ያለው ነገር አየር ቢሆን ወይም ብርጭቆ ከቁም ነገር አልገባም። ፋራዴይ ቀመራቸውን ማንበብ አይችልም ነበር፤ ይህንንም ጉድለቱን በ1822 ዓ.ም. ለአምፔር በጻፈው ደብዳቤ ሳያፍር ገልጦታል። ቀመሩን መከተል ስላልቻለም በመካከል ያለውን ስፍራ ይመለከት ጀመር።

በ1836 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር በትምህርት አዳራሹ ውስጥ እያንዳንዱ ጐኑ 12 ጫማ፣ ማለት ከ3 ሜትር ተኩል በላይ የሆነ ትልቅ ሣጥን አሠራ። ማዕዘኖቹ እንጨት፣ ግድግዳው የመዳብ ሽቦ፣ ወረቀትና ስስ የቈርቆሮ ቅጠል ነበረ፤ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት እንዳያመልጥም ከመሬት ተለይቶ እንዲቆም ተደረገ። ፋራዴይ የበራ ሻማና ኤሌክትሪክ የሚያመለክቱ መሣሪያዎች ይዞ ከውስጡ ገባ። ከውጭ በትልቁ መኪና ኤሌክትሪክ ሲሞሉት ከሣጥኑ ማዕዘኖች ብልጭታ ይረጭ ነበር፤ በውስጥ ያሉት መሣሪያዎች ግን ንቅንቅ አላሉም። ቻርጅ የሚቀመጠው በውጭው ገጽ ላይ ብቻ መሆኑን በዚህ አረጋገጠ። ዛሬ መብረቅ የመታው አውቶሞቢል ውስጥ የተቀመጠ ሰው በደኅና የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው እንጂ፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በጐማው አይደለም።

በ1837 ዓ.ም. ደግሞ አንዱ ኳስ በሌላው ኳስ ውስጥ የገባበት መሣሪያ ሁለት አሠርቶ፣ ባንደኛው መካከል አየር፣ በሁለተኛው መካከል ድኝ ወይም ሼላክ የተባለውን ሙጫ አደረገ። ሁለቱን አገናኝቶ አንዱን ቻርጅ ሲያካፍላቸው እኩል አልተካፈሉም፤ ድኝ ያለበት የበለጠውን ወሰደ። እንግዲህ በመካከል ያለው ነገር ዝም ብሎ የሚቀመጥ አለመሆኑ ታወቀ።

ከሁሉ ይልቅ ለመምህር የሚያስደስተው ግን በ1843 ዓ.ም. የገለጠው የባልዲ ሙከራ ነው። ዕቃው ከቤት የማይጠፋ ነው፤ ቁመቱ 27 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የበረዶ ማስቀመጫ ባልዲ። ባልዲውን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ላይ አስቀምጦ፣ ውጭውን ሁለት ስስ የወርቅ ቅጠሎች ካሉበት ኤሌክትሮስኮፕ ጋራ በሽቦ አገናኘው። ቅጠሎቹ ቻርጅ ሲደርሳቸው እርስ በርሳቸው ተገፋፍተው ይከፈታሉ። ከዚያ በኋላ ፖዘቲቭ ቻርጅ የተመላ የነሐስ ኳስ በነጭ የሐር ክር አንጠልጥሎ፣ ሳያስነካ ወደ ባልዲው አወረደ። ቅጠሎቹ ተከፈቱ። ኳሱን መልሶ ሲያወጣው ተዘጉ። ኳሱ ለባልዲው ምንም እንዳልሰጠ በዚህ ይታወቃል፤ ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ሰጥቷል ብሎ ያስባል።

ቀጥሎም ኳሱን እንደገና አውርዶ የባልዲውን ታች አስነካው። በዚህ ጊዜ ቅጠሎቹ አልሰፉም፣ አልጠበቡምም፤ ባሉበት ቀሩ። ኳሱም ሲወጣ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ኳሱ ገና ሳይነካ በባልዲው ውስጠኛ ገጽ ላይ ኔጋቲቭ፣ በውጭው ገጽ ላይ ፖዘቲቭ ቻርጅ እንዲለያዩ አድርጓል። ሲነካ የኳሱ ፖዘቲቭና የውስጡ ኔጋቲቭ ተጣፉ፤ ከሁለቱ አንዱ በጥቂት እንኳ ቢበልጥ ኖሮ ቅጠሎቹ በተንቀሳቀሱ ነበር። የሁለቱ መጠን ፍጹም እኩል መሆኑን ፋራዴይ አንዲት ቀመር ሳይጽፍ፣ ባልተንቀሳቀሰ የወርቅ ቅጠል አስረዳ። ቈየት ብሎም አራት ባልዲ አንዱን በሌላው ውስጥ ጨምሮ፣ በየመካከላቸውም ሼላክ አድርጎ ሞከረው፤ ውጤቱ አልተለወጠም።

ይህ ሙከራ በጣሳ፣ በሐር ክርና በሲጋራ ፓኮ ስስ ብራና በማንኛውም ትምህርት ቤት ሊሠራ ይችላል። ሆኖም በክረምት እርጥበቱ ቻርጁን ስለሚያሸሸው፣ በበጋው ደረቅ አየር ቢሠራ ይሻላል።

የሒሳብ ሊቃውንት የፋራዴይን አሳብ ቶሎ አልተቀበሉትም። ኃይሉ በስፍራው ውስጥ እንደ ተወጠረ መሥመር ተዘርግቶ ይገኛል ማለቱ ሒሳብ የማያውቅ ሰው ሥዕል መስሎ ታያቸው። በ1845 ዓ.ም. ግን የ21 ዓመቱ ወጣት ዊልያም ቶምሰን የኩሎም ሕግና የፋራዴይ ሙከራ እንደማይጣሉ በሒሳብ አስረዳ። ከዚያም ጄምስ ክላርክ ማክስዌል መሥመሮቹን ወደ ቀመር ለወጣቸው። ፋራዴይ በ1857 ዓ.ም. ለማክስዌል በጻፈው ደብዳቤ፣ የሒሳብ ሰዎች የደረሱበትን ነገር በተራ ቋንቋም ቢጽፉት እንደሱ ያሉ ሙከራ ሠሪዎች ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ አሳሰበ። ዕድሜው በዚያን ጊዜ 66 ነበረ፤ ልመናውም የማክስዌልን ሥራ ከማክበር ጋራ ነበረ።

ፋራዴይ ሌሎችን ማስተማር ከምርምሩ ያነሰ ሥራ አድርጎ አልቈጠረውም። ከ1827 እስከ 1860 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በገና ሰሞን ለልጆች የሚሰጠውን ትምህርት 19 ጊዜ ሰጥቷል። የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ሲጠየቅ አልፈልግም አለ፤ የሰር ማዕርግም አልተቀበለም። በመጨረሻው ዘመኑ የማስታወስ ኃይሉ እየደከመ ሄደ፤ ከ1858 ዓ.ም. ጀምሮም ንግሥት ቪክቶሪያ በሃምፕተን ኮርት በሰጠችው ቤት ከሚስቱ ከሣራ ጋራ ኖረ። ኦገስት 25 ቀን 1867 ዓ.ም. አረፈ። በ1881 ዓ.ም. በፓሪስ የተሰበሰቡት የኤሌክትሪክ ሊቃውንት፣ ቻርጅ የመያዝ ችሎታ የሚለካበትን መለኪያ በስሙ ፋራድ ብለው አጸደቁት። በሎንዶን በሃይጌት መካነ መቃብር በቆመው ድንጋይ ላይ ግን የተጻፈው ስሙ፣ የተወለደበትና የሞተበት ቀን ብቻ ነው።