አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ

እኛ የቆቦ ተማሪዎች ለበዓላችን የራያን ጭፈራ ስንለማመድ፥ ከበሮ መቺውና ዘፋኙ ካልተስማሙ ድካማቸው ከንቱ መሆኑን ተረድተናል። ስለዚህ የአቶ መኮንንን ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን።

አቶ መኮንን የታወቁት በዘፋኝነት አይደለም። ነገር ግን ጣልያን ሊወረን ሲሰናዳ፥ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበርን መሠረቱ። በዚያን ዘመን አዝማሪ በብዙዎች ዘንድ የተናቀ ሲሆን፥ እርሳቸው ግን ዘፋኙንና ተናጋሪውን ባንድነት አሰልፈው የሕዝቡን ልብ ለነጻነት አነሣሡ። በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ጎረቤታችን ማይጨው ደረሰ፤ በወረራው የተቋረጠው ማኅበር ከድል በኋላ እንደ ገና ተቋቋመ። አቶ መኮንንም በሚኒስትርነት ሲያገለግሉ ቆይተው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ተገደሉ።

ከእርሳቸው የምንማረው፥ ባለሙያን አክብሮ የሚያስማማ ሰው፥ ራሱ ባይዘፍንም እንኳ፥ ለሀገሩ ታላቅ ሥራ መሥራት እንደሚችል ነው።