አርኖልድ ሾንበርግና የንግግር ኖታ

ዘፈንን በኖታ መጻፍ ሁላችንም የምናውቀው ነው። በሙዚቃ የታጀበ ንግግርስ እንዴት ይጻፋል? ይህ ጥያቄ ነው ወደ አርኖልድ ሾንበርግ ሕይወት የመራኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሾንበርግ በ1874 ቪየና ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጦ ባንክ ቤት ተቀጠረ። ሙዚቃን በአብዛኛው የተማረው በራሱ ጥረት ነው።

በ1912 አልበርቲነ ዜሜ የተባለች ተዋናይት በሙዚቃ ታጅባ የምታቀርበው ሥራ እንዲደርስላት ጠየቀችው። እሱም 21 ግጥሞችን ይዞ «ፒዬሮ ሉኔር»ን ደረሰ። ኖታውን እንደ ዘፈን በአምስቱ መስመር ላይ ጻፈና ዘንጉ ላይ የመስቀል ምልክት አደረገበት። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ ተናጋሪዋ ምቱን አጥብቃ ትጠብቃለች፤ ቃናውን ግን ነካ አድርጋ ወዲያው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ትለቀዋለች። ዘፈንም አይደለም፣ ተራ ወሬም አይደለም።

ታዲያ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቃናው የሚለቀቅ ከሆነ ለምን በትክክል ይጻፋል? ሾንበርግ ራሱ በ1940 ሥራውን ሲያስቀርጽ እንኳ ተናጋሪዋ የተጻፈውን ቃና በትክክል አልተከተለችም።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የበርሊን መምህርነቱን አጥቶ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በዚያም በ1942 ናፖሊዮንን በሚመለከት የባይረን ግጥም ላይ ሲሠራ ለተናጋሪው አምስቱን መስመር ትቶ አንድ መስመር ብቻ ተጠቀመ። ኖታዎቹ ከመስመሩ በላይና በታች ሆነው የድምፁን መውጣትና መውረድ ያሳያሉ።

በ1947 «ከዋርሶ የተረፈ ሰው» የተባለውን ሥራውን የጻፈውም በዚሁ መንገድ ነው። ተራኪው ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፈ ሰው ነው። እስረኞቹ እየተቆጠሩ፣ ቆጠራው እየፈጠነ ይሄድና ወንዶቹ በኅብረት የዕብራይስጥ ጸሎት መዘመር ይጀምራሉ። እንዲህ ያለውን መከራ የሚናገር ሰው ዜማ ቢያወጣ ማን ያምነዋል? ምቱ ቢላላ ደግሞ የቆጠራው ፍርሃት ይጠፋል።

ሾንበርግ በ1951 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሞተ። በ35 ዓመት ውስጥ የንግግሩን ቃና እያላላው መጣ፤ ምቱን ግን አንድም ጊዜ አልለቀቀም። እኔም ከሕይወቱ የያዝኩት ይህንን ነው፦ ንግግርን በኖታ ስንጽፍ መጀመሪያ ምቱን በትክክል እንያዝ፤ ቃናውን ለተናጋሪው ብንተውለት ብዙም አይጎዳንም።