ፎቶግራፍ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን

ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1815 በሕንድ አገር በካልካታ ከተማ ተወለደች። አባቷ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም የነበረ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ እናቷ ከፈረንሳይ ባላባቶች ዘር የምትወለድ ነበረች። ጁሊያም የልጅነት ትምህርቷን በአብዛኛው የተማረችው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። በ1836 ከሕመም ለማገገም ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ኬፕ፣ በሄደች ጊዜ በኋላ ሕይወቷ ትልቅ ስፍራ የነበራቸውን ሁለት ሰዎች ተዋወቀች። አንደኛው ከሁለት ዓመት በኋላ ያገባችው ቻርልስ ሄይ ካሜሮን የተባለ የሕግ ሰው ነው፤ በዕድሜ 20 ዓመት ይበልጣት ነበር። ሁለተኛው የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆን ሄርሽል ነው። የፎቶግራፍ ሥዕል ብርሃን ሲያየው እንዳይጠፋ የሚያደርገውን ቅመም ጥቅም የደረሰበት ይህ ሊቅ ሲሆን፣ ስለ አዲሱ ጥበብም በደብዳቤ የነገራት እርሱ ነበር።

ቤተሰቡ በ1848 ወደ እንግሊዝ አገር ተዛወረ፤ በ1860ም በዋይት ደሴት ፍሬሽዋተር በተባለ የባሕር ዳር መንደር ሰፈረ። ካሜሮን በዚህ ጊዜ የስድስት ልጆች እናት ነበረች። በ1863 መጨረሻ ባሏ ወደ ሴሎን፣ ዛሬ ስሪላንካ ወደምትባለው ደሴት፣ ሄዶ ቤቱ ጭር ባለበት ወቅት ሴት ልጇና አማቿ ብቸኝነቷን እንድትረሳ ብለው አንድ ካሜራ በስጦታ አበረከቱላት። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 48 ዓመት ነበር። መሣሪያውን እንዴት እንደምታቆመው እንኳ አታውቅም ነበር።

የከሰል ማከማቻውን ጨለማ ክፍል አደረገችው። በመስተዋት የተሠራውን የዶሮ ቤት ደግሞ ዶሮዎቹን አስወጥታ የፎቶግራፍ ማንሻ ቤት አደረገችው። ዛሬ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ሰው የዚያን ዘመን ሥራ ድካም መገመት ያስቸግረዋል። መስተዋቱ ተወልውሎ ኮሎዲዮን የተባለ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይፈስበታል፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ በብር ናይትሬት ይነከራል፤ ሳይደርቅ ወደ ካሜራው ገብቶ ሥዕሉ ይነሣል፤ ወዲያውም ተመልሶ በቅመም ይታጠባል። በመካከሉ ከደረቀ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የሚነሣውም ሰው አንዳንድ ጊዜ ለበርካታ ደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። የካሜሮን እጆች በብር ናይትሬት ጠቁረው ይታዩ ነበር። ባሏ ከተመለሰ በኋላም እያንዳንዱን አዲስ መስተዋት ውሃው እየተንጠባጠበ ወደ ገበታው እየሮጠች ወስዳ ስለምታሳየው ብዙ የገበታ ጨርቅ ተበላሽቶባታል።

የመጀመሪያዋ ሰው የመንደሩ አንድ ገበሬ ነበር። ሥራ ፈትቶ ለሚቀመጥበት በሰዓት እየከፈለች አነሣችው፤ ግን በድንገት በእጇ መስተዋቱን ጠርጋ ሥዕሉን አጠፋችው። በጥር ወር 1864 አኒ ፊልፖት የተባለች ሕፃን ስታነሣ ግን ተሳካላት። ደስታዋ ወሰን አጥቶ ለሕፃኒቱ ስጦታ ፍለጋ ቤቱን ሁሉ አተራመሰች፤ ሥዕሉን የሠራችው ሕፃኒቱ እንጂ እርሷ አልመሰላትም ነበርና። በዚያኑ ዕለት ፎቶግራፉን አትማ፣ በፍሬም አድርጋ ለልጅቱ አባት ሰጠችው።

የካሜሮን የራሷ ስልት የተወለደው በእቅድ አይደለም። ሌሎች ፎቶግራፍ አንሺዎች ሌንሱን እያሽከረከሩ የፊቱ መስመር፣ የልብሱ ክርና የአዝራሩ ቀዳዳ ሁሉ ጥርት ብሎ እስኪታይ ድረስ ያስተካክላሉ። እርሷ ግን ሌንሱን ስታስተካክል ሥዕሉ ለዓይኗ ውብ ሆኖ ከታያት እዚያው ላይ ታቆማለች። በዚህም ምክንያት ዓይን ጎልቶ ጆሮና ጠጉር ደብዘዝ ያሉበት፣ ፊቱ ከጨለማ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚወጣ የሚመስል ሥዕል ተገኘ። ነገሩ በአጋጣሚ የመጣ መሆኑን ራሷም አልደበቀችም። ይሁን እንጂ አጋጣሚ ለሁሉም ይመጣል፤ እርሷ የለየችው እንደ ስሕተት ሳትጥለው በመቅረቷ ነው።

በዘመኑ እንደ ፋሽን ይቆጠር የነበረው በትንሽ ካርድ ላይ የሚታተም፣ ሰውየው ከዓምድና ከመጋረጃ አጠገብ ከእግር እስከ ራሱ ቆሞ የሚታይበት ፎቶግራፍ ነበር። ካሜሮን ዓምዱንም ምንጣፉንም ተወች። ሰውየውን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ፣ መስኮቶቹን ጋርዳ፣ ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ እንዲመጣ አድርጋ ወደ ፊቱ ተጠጋች። በኋላም ትልቅ ካሜራ ገዝታ በመጠን ወደ እውነተኛው የሚቃረብ የሰው ፊት ማንሣት ጀመረች። ሄርሽልን በ1867 ስታነሣው ነጭ ጠጉሩን አሳጥባ እንዲንጨባረር አደረገችው። ቻርልስ ዳርዊንና ባለቅኔው ቴኒሰንም ከካሜራዋ ፊት ተቀምጠዋል። የቤቷ ሠራተኛ ሜሪ ሂልየር ደግሞ በእመቤታችን ምስል ደጋግማ ተነሥታለች።

የፎቶግራፍ ማኅበሩ ሰዎች ግን ሥራዋን አልወደዱትም። ሥዕሉ ብዥ ያለ፣ መስተዋቱ የተጫጫረ፣ የጣት አሻራ ያለበት ነው እያሉ በመጽሔታቸው ነቀፏት። በአሻራውና በጭረቱ ረገድ ነቀፋቸው እውነት ነበረው፤ ካሜሮን ለጽዳት ብዙ የምትጨነቅ ሰው አልነበረችምና። በደብዛዛነቱ ግን አልተበገረችም። ሠዓሊዎች ደገፏት፤ በለንደን የሚገኘው የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም በ1865 ፎቶግራፎቿን ገዛ፤ በ1868ም ሁለት ክፍል ለሥራዋ ሰጣት። ሆኖም የምታገኘው ገንዘብ ወጪዋን አይሸፍንም ነበር።

በጁላይ ወር 1868 ከካሜራዋ ፊት የቀረበው እንግዳ ሊቅም ባለቅኔም አልነበረም። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የሰባት ዓመት ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ተመለሰ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም ከጦሩ ጋር ሲጓዙ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ዐረፉ። ልጁ ኢትዮጵያውያን ባሻ ፈለቀ በሚሉት በሻምበል ስፒዲ ጠባቂነት እንግሊዝ አገር ደርሶ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ወደ ነበሩበት ወደ ዋይት ደሴት ተወሰደ። ካሜሮንም እዚያው አገኘችው። አንዳንዱን ፎቶግራፍ ብቻውን፣ ሌላውን የኢትዮጵያ ልብስ ከለበሰው ከባሻ ፈለቀ ጋር አነሣችው።

በዚያ ሰሞን ልዑሉን ያነሡት ሌሎችም ነበሩ። ለብዙዎቹ የሩቅ አገር ብርቅ ነገር ነበር፤ ካሜሮንም ከዚህ ስሜት ፈጽማ ነጻ ነበረች ለማለት ያዳግታል። እንግዳውን ልብስና ጌጥ ወዳው ነበር። ነገር ግን በራሷ ስልት መሠረት ወደ ፊቱ ስለተጠጋች በሥዕሉ ላይ ከልብሱ ይልቅ ሕፃኑ ይታያል። ከንፈሩ አይስቅም፤ ለረዥም ጊዜ ጸጥ ብሎ እንዲቀመጥ የታዘዘ ልጅ ሁሉ አይስቅም። የዚህ ልጅ ዝምታ ግን በትእዛዝ ብቻ የመጣ ነው ብሎ የታሪኩን መነሻ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሊቀበል አይችልም። በሦስት ወር ውስጥ አባትም እናትም አገርም አጥቷልና።

ካሜሮንና ባሏ በ1875 የቡና እርሻቸውና ልጆቻቸው ወዳሉበት ወደ ሴሎን ሄዱ። ከሻንጣዎቻቸው ጋር ሁለት የሬሣ ሣጥን ጭነው እንደሄዱ ይነገራል። እዚያ ያነሣቻቸው ፎቶግራፎች ጥቂት ናቸው። በጥር ወር 1879 በ63 ዓመቷ በዚያው ደሴት ዐረፈች። ልዑል ዓለማየሁ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድዘርም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።