ብፁዕ አባ ሚካኤል ማክጊቭኒና የምሥጢር ማኅበራት ፈተና

ብፁዕ አባ ሚካኤል ማክጊቭኒ እ.ኤ.አ. በ1852 በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ግዛት በምትገኘው ዋተርበሪ ከተማ ከአየርላንድ ስደተኞች ተወለዱ። በዘርዐ ክህነት ሳሉ፣ በ1873 አባታቸው ዐረፉ፤ እናታቸውም ከልጆቻቸው ጋር ቀሩ። ይህ ሐዘን ከልባቸው የጠፋ አይመስለንም።

በ1877 ክህነት ተቀብለው በኒው ሄቨን ቅድስት ማርያም ቁምስና ሲያገለግሉ፣ ሠራተኛው አባት ሲሞት ቤተሰቡ ለችግር ሲጋለጥ ተመለከቱ። በዚያ ዘመን መበለትንና የሙት ልጅን ከሚረዱት መካከል፣ እንደ እኛ እድር መዋጮ የሚሰበስቡ የወንድማማችነት ማኅበራት ነበሩ። ብዙዎቹ ግን አባላቸውን በምሥጢር መሐላ ያስሩ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ከ1738 ጀምሮ ምእመናን ወደ ፍሪሜሶን ማኅበር እንዳይገቡ ከልክላለች። እንግዲህ ድኻው ካቶሊክ በልጆቹ እንጀራና በቅዱስ ቁርባን መካከል ተጨንቆ ይቆም ነበር።

አባ ሚካኤል ውግዘቱን ማሰማት ብቻውን በቂ ሆኖ አላገኙትም። በ1881 ምእመናንን በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰብስበው መከሩ፤ በ1882 «ናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ»፣ ማለትም የኮሎምበስ ፈረሰኞች የተባለው ማኅበር በግዛቲቱ ሕግ ጸደቀ። የአባላቱ አቀባበል እንደ ሌሎቹ ማኅበራት ልማድ በዝግ ይፈጸም ነበር፤ አባላቱ ግን ካቶሊኮች ብቻ ነበሩ፣ ካህንም ከመካከላቸው አልታጣም። እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ካህናት ተጠራጠሩት። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም በዚያ ብንኖር ሳንጠራጠር አንቀርም ነበር።

አባ ሚካኤል በ1890፣ በ38 ዓመታቸው በሳንባ ምች ዐረፉ፤ በ2020 ብፅዕናቸው ታወጀ። በዚያው ዓመት ማኅበሩ የአቀባበል ሥርዐቱን ቤተሰብና ምእመናን እንዲመለከቱት ክፍት አደረገ።