የሮጡት እግሮችና የቆሙት እግሮች፦ የአበበ ቢቂላ ሕይወት

የአበበ ቢቂላ ስም ሲነሣ በአብዛኞቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው አንድ ሥዕል ነው፤ በሮም ጎዳና ላይ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ቀጭን ወታደር። ሥዕሉ እውነት ነው። ሆኖም ከሕይወቱ የአንድ ምሽት ታሪክ ብቻ ነው። አበበ በዚህች ምድር የኖረው 41 ዓመት ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመት ተኩል ያሳለፈው መራመድ ሳይችል በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። ስለዚህኛው አበበ ብዙ አንናገርም።

የአንድ ስፖርተኛ ታሪክ የሜዳሊያ ዝርዝር ብቻ አይደለም። በማስተዋል ላነበበው ሰው፣ ስፖርተኛውን ያሳደገውን ገጠር፣ የተቀበለውን ከተማ፣ ሕዝቡ የሚያምነውንና የሚያከብረውን ሁሉ ይናገራል። እስቲ የአበበን ሕይወት በዚህ መንገድ አብረን እንመልከት።

ከገና ጨዋታ እስከ ክብር ዘበኛ

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1932) በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። እስቲ ስሙን አስተውሉ። አበበ የአማርኛ ስም ነው። ቢቂላ ደግሞ በኦሮምኛ ከመብቀል ጋር የተያያዘ ስም ነው። አንዱ ቋንቋ በቀለ ሲል ሌላው አበበ ይላል። ዓለም በኋላ ኢትዮጵያዊ ብሎ የጠራው ሰው ሁለት ቋንቋዎችን በስሙ ይዞ ነበር።

ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር አበበ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። ቤተሰቡም በዚያ ጦርነት ምክንያት ቀዬውን ለቆ ከቆየ በኋላ ወደ ጃቶ ተመልሷል። በልጅነቱ ከብት የሚጠብቅ፣ እንደ እኩዮቹም ገና የሚጫወት ልጅ ነበር። የገና ጨዋታ ምን እንደሆነ የከተማ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። በጌታችን የልደት በዓል ሰሞን በቆልማማ ዱላ ሩር እየመቱ የሚጫወቱት ነው። ሜዳው መስመር የለውም፤ አንዳንዴ በሁለቱ ግቦች መካከል ኪሎ ሜትሮች ይኖራሉ። ተጫዋቹ ዳገትና ቁልቁለት ሳይመርጥ ሩሯን ተከትሎ ይሮጣል። በዚያ ዕለት ጌታ በሎሌው ላይ አይቆጣም፤ ሁለቱም እኩል ይጋፋሉ። ስለዚህ አበበ ሩጫን የተማረው በውጭ አገር አሠልጣኝ እጅ ከመግባቱ በፊት ነው። መጀመሪያ ያስሮጠው የበዓል ደስታ ነበር።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በዚያ ዘመን ለአንድ የገጠር ወጣት ከተማዋ ከምትከፍታቸው በሮች አንዱ ውትድርና ነበር። አበበም በክብር ዘበኛ ተቀጠረ። በወታደርነቱ ዘመን ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ በየቀኑ ይሮጥ ነበር። ልብ በሉ፤ ገጠርና ከተማን የሚያገናኘውን መንገድ በየቀኑ በእግሩ ይለካው ነበር። በኋላ የክብር ዘበኛ ዕጩ መኮንኖችን የአካል ብቃት ያሠለጥን የነበረው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አየው፤ አሠለጠነውም። አበበ የመጀመሪያውን ማራቶን የሮጠው ሮም ከመሄዱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ በሮም

የሮም ማራቶን የተካሄደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ውድድሩ አመሻሹ ላይ ተጀመረ፤ ሲጨልም የኢጣሊያ ወታደሮች ችቦ ይዘው በመንገዱ ዳር ቆሙ። እንግዲህ አስቡት፤ በአገር ቤት ለአዲስ ዓመት ችቦ በሚበራበት ምሽት ኢትዮጵያዊው ሯጭ በሮም በችቦ ብርሃን ይሮጥ ነበር።

ባዶ እግሩን የሮጠው ብዙዎች እንደሚያስቡት ጫማ የሚገዛለት አጥቶ አልነበረም። ጫማ ቀርቦለት ነበር፤ ግን አልተመቸውም። በባዶ እግሩ መለማመድ ደግሞ ለእርሱ አዲስ ነገር አልነበረም። ስለዚህ የለመደውን መረጠ። ያዩት ሰዎች ግን ድህነትን አዩ፤ አንዳንዶችም አዘኑለት። እርሱ በምርጫ ያደረገውን ዓለም በችግር ተረጎመው። እኛም ራሳችንን በሰው ዓይን ማየት ስለምንወድ ይህንኑ ትርጉም ይዘን ቆይተናል።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። አበበ እንዲጠነቀቅ የተነገረው ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር፤ መለያው 26 ቁጥር ነው ተብሎ። ራዲ ግን 185 ቁጥር ለብሶ ነበር። አበበ 26 ቁጥርን በዓይኑ እየፈለገ ለረጅም መንገድ ከራሱ ከራዲ ጋር ጎን ለጎን ሮጠ።

ሁለቱ ሌሎቹን ጥለው ወደ ከተማዪቱ የተመለሱት በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን የምታነቡ ይህን መንገድ ታውቁታላችሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲገባ ወንድሞች ሊቀበሉት የወጡት በዚሁ መንገድ ላይ እስከ አፍዩስ ፋሩስ ድረስ ነበር (ሐዋ. 28፥15)። በሩጫ ሜዳ ስለሚሮጡት ሰዎች የጻፈውም እርሱ ነው (1ኛ ቆሮ. 9፥24-27)።

በፖርታ ካፔና አደባባይ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። የሙሶሊኒ ሠራዊት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአገራችን ወስዶ እዚያ ያቆመው ነው። አበበና አሠልጣኙ መንገዱን አስቀድመው አይተው ነበርና ሐውልቱን ያውቁታል። አበበ ጥሎ የሄደው በዚያ አካባቢ ነው። በቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር ሲደርስ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ነበር፤ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን! ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ገባ። አበበ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ዓመቱ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን ያወጁበት ዓመት ነበር። ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

ክብርና የታኅሣሥ ግርግር

አበበ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ከተማዋ በደስታ ተቀበለችው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሸለሙት፤ ማዕረግም ጨመሩለት። ይህ ደስታ ግን ሦስት ወር እንኳ በቅጡ አልቆየም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ ያካሄዱት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከሸፈ። በአዲስ አበባ መሐል ደም ፈሰሰ፤ የክብር ዘበኛ አባላትም ተገደሉ፣ ታሰሩ። አበበ በሙከራው እጁ ባይኖርበትም ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ተጠየቀ። በመስከረም ዋዜማ የአገር ኩራት የነበረ ሰው በታኅሣሥ ተጠርጣሪ ሆነ። የሰው ክብር እንዲህ ነው፤ ሕዝብ የሚያነጥፈው ዘንባባ ቶሎ ይደርቃል።

እርሱ ግን መሮጡን አላቆመም። ከቶኪዮ ኦሊምፒክ 40 ቀን ገደማ ሲቀረው ታሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይሮጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1964) ግን በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛ የወጣው ሯጭ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሲደርስ አበበ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በሜክሲኮ (እ.ኤ.አ. 1968) ግን እግሩን ታሞ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ወርቁን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወሰደ። ለኢትዮጵያ ሦስተኛ ተከታታይ የማራቶን ድል ነበር። አበበ ያኔ ሩጫው ከእርሱ በኋላም እንደሚቀጥል አየ።

እግሮቹ ሲቆሙ

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 1969) ሌሊት አበበ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ ከውስጧ መውጣት አልቻለም። መኪናይቱ ለድሉ የተሰጠችው ስጦታ ነበረች። ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። መጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። ከወራት ሕክምና በኋላ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን እስከ መጨረሻው አልተመለሱም።

ውድ አንባቢዎች፣ አበበን ከሮም ይልቅ እዚህ ላይ እንድትመለከቱት እጋብዛችኋለሁ። ድሉ በእግዚአብሔር ፈቃድ እንደሆነ ሁሉ አደጋውንም እንዲሁ እንደሚቀበል ተናግሯል። ይህን መናገር በድል ቀን ቀላል ነው፤ በሆስፒታል አልጋ ላይ ግን ከባድ ነው። እርሱም በቃል ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያው በስቶክ ማንደቪል በአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ቀስት ወረወረ፤ የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። በ1971 ደግሞ በእንግድነት በተጋበዘበት በኖርዌይ ተወዳዳሪ ሆኖ ቀረበና በውሾች በሚጎተት የበረዶ ላይ ጋሪ እሽቅድምድም 16 ሰዎች በተሰለፉበት አንደኛ ወጣ። በረዶ በማያውቅ ገጠር ያደገው የገና ተጫዋች በበረዶ ላይ አሸነፈ! በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገባ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1973) በአዲስ አበባ በአንጎል ደም መፍሰስ ዐረፈ። ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ንጉሠ ነገሥቱና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በተገኙበት በደቡብ አዲስ አበባ፣ ወደ ንፋስ ስልክ በሚያወርደው በደብረ ዘይት መንገድ በኩል ባለው በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ተቀበረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ያረፈው ማሞ ወልዴም በዚያው ተቀብሯል።

ይህ ለእኛ ምን ይላል?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ የምትኖሩ ወገኖች፣ ከጎተራ ወደ ሳሪስ ስትመላለሱ ከዚያ መቃብር ብዙ ሳትርቁ ታልፋላችሁ። በማለዳ በአስፋልቱ ዳር የሚሮጡትን ወጣቶችም ታያላችሁ። አንዳንዶቻችን ስፖርትን ሁሉ ዓለማዊ ብለን ንቀናል፤ ሌሎቻችን ደግሞ አሸናፊውን እንደ ጣዖት ከፍ አድርገናል። የአበበ ሕይወት ሁለቱንም ይመልሳል። ሩጫው ከበዓሉ፣ ከቋንቋው፣ ከአገሩ ታሪክ ጋር የተጋመደ ነበርና የሚናቅ አልነበረም። እግሮቹ ሲቆሙ ግን እርሱ ያው አበበ ነበርና ክብሩ በእግሮቹ ላይ አልነበረም።

እንግዲያው አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። አበበ ዛሬ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሆኖ በሰፈራችን ቢያልፍ የእግረኛው መንገድ ያሳልፈዋልን? እሑድ ጠዋት ወደ ጉባኤያችን ቢመጣ በደጃፉ ያለውን ደረጃ እንዴት ይወጣል? በቅፍርናሆም ሕዝቡ በሩን ስለዘጋባቸው ሽባውን በጣራ ያወረዱት ወዳጆቹ ነበሩ (ሉቃ. 5፥17-20)። በየአጥቢያችን እንደ አበበ ያልታወቁ፣ ስታዲየም ያላጨበጨበላቸው፣ መራመድ የማይችሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ለሯጩ አበበ ሐውልት ማቆም ቀላል ነው። ለተቀመጠው አበበ ግን ከደረጃው ጎን መወጣጫ መሥራት ያስፈልጋል፤ ይህም የአንድ ቀን ሥራ ነው። በየጉባኤያችሁ ተነጋገሩበት።

ጌታ ይባርካችሁ።