ጋሊሌዮ ጋሊሌይ፦ የእንቅስቃሴን ሕግ የመረመረ ሊቅ

በዚህ እትማችን የምናቀርብላችሁ የጣልያናዊውን ሊቅ የጋሊሌዮ ጋሊሌይን የሕይወት ታሪክ ነው። ስሙ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ስለ ፀሐይና ስለ ምድር የተነሣውን ክርክር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ለምን እንደሚቆምና ለምን እንደሚንቀሳቀስ ያስተማረው ትምህርት ለዓለም ካበረከታቸው ሥራዎች መካከል በታላቅነቱ የሚያንስ አይደለም።

ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1564 በፒሳ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቪንቸንሶ የሙዚቃ ሊቅ ሲሆን፣ ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት በመመኘት ወደ ፒሳ ዩኒቨርስቲ ላከው። የወጣቱ ልብ ግን ወደ ሒሳብ ስላዘነበለ የሕክምና ትምህርቱን ሳይፈጽም ወጣ። ሆኖም በ1589 በዚያው ዩኒቨርስቲ የሒሳብ መምህር ሆነ፤ ከ1592 ጀምሮም በፓዱዋ ለ18 ዓመታት አስተማረ።

በዚያ ዘመን በየትምህርት ቤቱ የጸናው የግሪካዊው ፈላስፋ የአርስጣጣሊስ ትምህርት ነበረ። ይኸውም አንድ ነገር በመንቀሳቀስ የሚቀጥለው የሚገፋው ወይም የሚጎትተው እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚል ነው። ነገሩ ለዓይን እውነት ይመስላል። በአዳማም ሆነ በቆቃ ጋሪ የሚነዳ ሰው፣ ፈረሱ መጎተት ሲተው ጋሪው ወዲያው እንደሚቆም በየቀኑ ያያልና።

ጋሊሌዮ ግን ዓይን ባየው ብቻ አልረካም። በእንጨት ላይ ቦይ አስቀርጾ፣ ቦዩን በለሰለሰ ብራና አልብሶ፣ የነሐስ ኳስ ያንከባልልበት ጀመር። ጊዜውንም የለካው ከዕቃ በቀጭን ቱቦ የሚወርደውን ውኃ በመመዘን ነበር። ኳሱ ቁልቁል ሲወርድ ፍጥነቱ እየጨመረ፣ በእጥፍ ጊዜ ውስጥ አራት እጥፍ፣ በሦስት እጥፍ ጊዜ ውስጥ ዘጠኝ እጥፍ ርቀት ሲጓዝ አገኘው። ዳገት ሲወጣ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንሳል። እንግዲያስ ዳገትም ቁልቁለትም በሌለበት፣ ሰበቃም በማያግደው ደልዳላ ስፍራ ላይ የሚያፈጥነውም የሚያዘገየውም ስለሌለ፣ በያዘው ፍጥነት እንደሚቀጥል ተረዳ።

በዚህ ትምህርት መሠረት ጋሪውን የሚያቆመው ሰበቃ ነው። የፈረሱ ጉልበትና የሰበቃው ጉልበት እኩል ሲሆኑ ጋሪው በአንድ ፍጥነት ይሄዳል፤ ፈረሱ ሲበረታ ይፈጥናል፤ ሲተው ግን ሰበቃው ብቻውን ቀርቶ ያቆመዋል። እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስፋፍቶ በሕግ መልክ ደነገገው። በአንድ ነገር ላይ የሚያርፉ ጉልበቶች ሲመዛዘኑ የቆመው እንደ ቆመ፣ የሚሄደውም በቀጥታ መስመር በአንድ ፍጥነት እንደ ሄደ ይኖራል፤ ሳይመዛዘኑ ሲቀሩ ፍጥነቱ ወይም አቅጣጫው ይለወጣል።

የዚህን ሕግ ሥራ በቆቃ ግድብ ላይ እናየዋለን። ግድቡ ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1960 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ የአዋሽን ውኃ አቁሞ ይዟል። ውኃው ግድቡን ያለ ዕረፍት ይገፋል፤ ግንቡም በክብደቱና መሠረቱ ባረፈበት ዐለት ተደግፎ በእኩል ጉልበት ይመክተዋል። ግንቡ የማይነቃነቀው የሚገፋው ስለሌለ ሳይሆን ጉልበቶቹ ስለተመዛዘኑ ነው። ውኃው በቧንቧ ሲለቀቅ ግን ሚዛኑ ይፈርሳል፤ በስበት ተፈትልኮ ወርዶ ተርባይኑን ያዞራል፤ መብራትም ይሆናል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ጋሊሌዮ ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር የሚደግፍ መጽሐፍ በ1632 በማሳተሙ፣ በማግስቱ ዓመት በሮም በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈረደበት፤ ትምህርቱንም እንዲክድ ተገደደ። ከዚያ በኋላ በፍሎረንስ አጠገብ በአርቸትሪ በቤቱ ተወስኖ ኖረ። በአቅራቢያው በገዳም የነበረችው ልጁ እኅት ማርያ ቸለስተ በደብዳቤዎቿ ታጽናናው ነበር፤ እርሷም በ1634 ዐረፈች። በዚህ ሁሉ ኀዘን ውስጥ፣ ዓይኑም እየደከመ ሳለ፣ ስለ እንቅስቃሴ የመረመረውን ሰብስቦ ጻፈ። በአገሩ ማሳተም ስለተከለከለ መጽሐፉ በ1638 በሆላንድ፣ በላይደን ከተማ ታተመ። ደራሲው ግን በዚያ ጊዜ ዓይነ ስውር ሆኖ ነበር። በጥር ወር 1642 በካቶሊካዊ እምነቱ እንደ ጸና ዐረፈ።

ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን በ1981 ተቋቁሞ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1992 የዚያ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቃውንት እንደተሳሳቱ በግልጽ ተናገሩ። ስሕተታቸውም የቅዱሳት መጻሕፍት ቃል የፍጥረተ ዓለምን አሠራር በቀጥታ የሚወስን መስሏቸው እንደነበረ ገለጹ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ወጣቶቻችን ከትምህርት ቤት የፊዚክስን ጥያቄ ይዘው ወደ ቁምስና ሲመጡ ከእምነትና ከዕውቀት አንዱን እንዲመርጡ አናስገድዳቸው። ያልተረዳነውን ነገር ለመኰነን ከመቸኰል ተቆጥበን፣ ከእነርሱ ጋር በትዕግሥት እንመርምር። ኳሱንና ጋሪውን በሥርዓት እንዲጓዙ ያደረገው ፈጣሪ፣ ያንን ሥርዓት የምንመረምርበትን አእምሮም ሰጥቶናልና።